«አርጊው» ማለት መጨቃጨቅ ብቻ ነው እንዴ? የአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉምና አመጣጥ

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን አንድ ዘገባ ውጭ አገር ላለ ድረ ገጽ ላክሁ። ኤዲተሩ ጽሑፌን አንብቦ ዳር ላይ አንዲት አጭር ጥያቄ ጽፎ መለሰልኝ። ጥያቄዋ «እዚህ ጋ አርጊው የምታደርገው ምንድን ነው?» የምትል ነበረች።

እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከፊልምና ከስልኬ ነው። ፊልም ላይ ደግሞ «አርጊው» ሲባል የምሰማው ባልና ሚስት ሲጯጯሁ ነው። ስለዚህ ሰውዬው «ምን ያጨቃጭቅሃል?» ያለኝ መሰለኝ። ደሜ ፈላ። «እኔ ከማንም ጋር አልተጨቃጨቅኩም፣ ያየሁትን ነው የጻፍኩት» ብዬ አራት መስመር መለስኩለት። ከዚያ በኋላ መልስ የለም። ዘገባው አልወጣም፣ ክፍያውም ቀረ።

ስህተቴ የገባኝ ሰፈራችን ላሉ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ኢሜይሉን ሳሳያቸው ነው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አነበቡ፣ ሳቁ።

«ልጄ፣ ሰውዬው እኮ አልሰደበህም። የጽሑፍህ ዋና ነጥብ ምንድን ነው፣ በምንስ ታስረዳለህ ነው ያለህ» አሉኝ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አርጊው አለኝ?»

«ቃሉ ሁለት ፊት ስላለው ነዋ! አንተ የምታውቀው አንዱን ብቻ ነው።»

እኔን ያስከፈለኝ ቃል እናንተን እንዳያስከፍል ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባል የለ፣ ከሥሩ እንጀምር። (ከታች ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ባጭሩ ምን ማለት ነው?

«አርጊው» ግስ ነው። ስሙ «አርጊውመንት» ይባላል። ዛሬ በእንግሊዝኛ ሁለት ዋና ትርጉሞች አሉት።

አንደኛው፦ አንድን ሐሳብ በምክንያትና በማስረጃ ማስረዳት፣ መሟገት፣ መከራከር። እዚህ ውስጥ ንዴት የለም። ተከራካሪው ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ወረቀት ላይ «አርጊው» ሊያደርግ ይችላል። የሳይንስ ሊቅ በጥናቱ፣ ጠበቃ በችሎት፣ ጋዜጠኛ በአስተያየት ጽሑፉ የሚያደርገው ይኼንን ነው።

ሁለተኛው፦ ከሰው ጋር በንዴት ቃል መለዋወጥ፣ መጨቃጨቅ፣ መነታረክ። ጎረቤት ከጎረቤት በቆሻሻ መጣያ ቦታ፣ ወንድም ከእህት በቻርጀር።

አንድ ቃል ሁለቱን መሸከሙ ነው ችግሩ። በአማርኛ ሙግት ሌላ ቃል ነው፣ ንትርክም ሌላ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን ሁለቱንም በአንድ ቃል ይላቸዋል፤ የትኛውን እንደፈለገ የምታውቁት ከዐረፍተ ነገሩ ነው።

ሥሩ፦ ብር የሚያበራ ቃል

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የመጣው ከድሮ ፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳይኛው ደግሞ ከላቲን ወሰደው። በላቲን «አርጉኤሬ» ማለት «ግልጽ ማድረግ፣ ማሳየት፣ ማረጋገጥ» ማለት ነበር። ከዚያ ሰፋ ብሎ «ጥፋተኛ መሆኑን ማሳየት፣ መክሰስ፣ መውቀስ» የሚል ትርጉምም ነበረው።

ብዙ የቃላት አመጣጥ አጥኚዎች ይህን የላቲን ቃል ከዚያ በፊት ከነበረ በጣም ጥንታዊ ሥር ጋር ያያይዙታል። ሥሩ «አርግ» ሲሆን ትርጉሙ «ማብራት፣ ነጭ መሆን፣ ማንጸባረቅ» ነው። ከዚሁ ሥር የላቲኑ «አርጀንቱም» ማለትም ብር (ማዕድኑ) ወጣ። ኬሚስትሪ የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ፦ ቁጥር 47 ላይ ያለው የብር ምልክት ኤጂ የሚሆነው ከዚሁ «አርጀንቱም» ከሚለው ስም የመጀመሪያና ሦስተኛ ፊደላት ተወስዶ ነው። ፈረንሳይኛ የምትችሉ ደግሞ «አርዣን» ብርም ገንዘብም እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልክ በእኛ «ብር» ማዕድኑም የኪሳችን ገንዘብም እንደሆነው።

አርጀንቲናም ከዚያው ነው ስሟን ያገኘችው። ስፔኖች በአካባቢው ብር ይገኛል ብለው ተስፋ አድርገው ትልቁን ወንዝ «የብር ወንዝ» አሉት። በ1602 ማርቲን ዴል ባርኮ ሴንቴኔራ የሚባል ቄስ ስለ አካባቢው የጻፈውን ረጅም ግጥም «ላ አርጀንቲና» ብሎ አሳተመው፤ ስሙም ቀስ በቀስ የአገር ስም ሆነ።

በአጥኚዎቹ መካከል ስምምነቱ ግን መቶ በመቶ አይደለም። አንዳንዶቹ የላቲኑን ቃል ከብር ጋር ሳይሆን በዛሬዋ ቱርክ ይነገር ከነበረው የጥንት ኬጢያውያን ቋንቋ ጋር ያገናኙታል። እዚያ የሚመሳሰለው ቃል «አቤቱታ ማቅረብ፣ ራስን መከላከል» ማለት ነው። ሁለቱም መላ ምቶች ግን ስለ መጯጯህ አያወሩም። አንዱ «ማብራት» ይላል፣ ሌላው «ጉዳይን ማቅረብ»።

እንግሊዝ እንዴት ገባ?

በ1066 ኖርማኖች ከፈረንሳይ ሰሜናዊ ክፍል ተሻግረው እንግሊዝን ያዙ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ንጉሡ፣ መኳንንቱና ዳኛው የሚናገሩት ፈረንሳይኛ ነበር። ገበሬው በእንግሊዝኛ ያርሳል፣ ችሎት ሲቀርብ ግን ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ይካሄዳል። ለዚህ ነው ዛሬም የእንግሊዝኛ የፍርድ ቤት ቃላት አብዛኞቹ ከፈረንሳይኛ የመጡት፦ «ጀጅ» (ዳኛ)፣ «ጁሪ»፣ «ኮርት»፣ «ኤቪደንስ» (ማስረጃ)፣ «ፕሊ»።

በ1362 የእንግሊዝ ፓርላማ ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲሆን ሕግ አወጣ። ምክንያቱም ፈረንሳይኛው ለሕዝቡ እንግዳ በመሆኑ ተከራካሪዎች ለእነሱም ሆነ በእነሱ ላይ የሚባለውን አያውቁም የሚል ነበር። የሚያስቀው ነገር፣ ሕጉ ራሱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። መዝገቡም በላቲን መያዙ ቀጠለ።

«አርጊው» እንግሊዝኛ ውስጥ መታየት የጀመረው በዚያ ዘመን፣ ወደ 1300ዎቹ ገደማ ነው። ከመጀመሪያውም ሁለቱን ጸባይ ይዞ መጣ። ላቲኑ ውስጥ «ማረጋገጥ» አለ፤ «መክሰስ»ም አለ። ሰውን «አጥፍተሃል» ብላችሁ ስታረጋግጡበት ደስ ብሎት አይሰማችሁም፣ መልስ ይሰጣል፣ ድምፅ ከፍ ይላል። በዚያ ላይ ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ ሌላ የላቲን ግስ ነበር፤ ትርጉሙ «መለፍለፍ፣ መቀባጠር» ነው። የፈረንሳይኛው ቃል ከዚህኛውም ወርሷል ይባላል። እንግዲህ ማስረዳትና መለፍለፍ ከጥንትም አንድ ቤት አድረዋል ማለት ነው።

ዘመዶቹስ ከየት መጡ?

እንግሊዝኛ ለክርክር ብዙ ቃል አለው። የእያንዳንዱን ሥር ስታዩ ሰዎች ድሮ ክርክርን በምን ይመስሉት እንደነበር ይገባችኋል።

▪️ «ዲቤት»። ዛሬ በጣም ጨዋ ቃል ነው፤ ሥርዓት ያለው፣ ሰዓት የተመደበለት ክርክር። ሥሩ ግን «መደብደብ» ነው! የድሮ ፈረንሳይኛ «ባትር» (መምታት) ውስጡ አለ። «ባትል» (ውጊያ) እና «ኮምባት» የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው። እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባም መጀመሪያ ጠብ ማለት ነበር።

▪️ «ዲስከስ»። ውይይት። ከላቲን «አራግፎ መበተን፣ መናጥ» ከሚል የመጣ ነው። ከበሮና የመሳሰሉት የሚመደቡበት «ፐርከሽን» እና ተጫዋች ጭንቅላቱን ሲመታ የሚባለው «ኮንከሽን» ዘመዶቹ ናቸው። ጉዳዩን አራግፋችሁ ውስጡን ታያላችሁ እንደ ማለት ነው።

▪️ «ዲስፒውት»። ውዝግብ። ውስጡ ያለው የላቲን ግስ «መቁጠር፣ ማስላት፣ ማሰብ» ማለት ነው። አዎ፣ «ኮምፒውተር» ውስጥ ያለው ራሱ ነው። የምትጨቃጨቁበት ስልክና የምትጨቃጨቁበት ቃል ወንድማማች ናቸው።

▪️ «ኳረል»። ጠብ። ከላቲን «ማማረር፣ ቅሬታ» ነው። ድሮ በእንግሊዝ ሕግ የአቤቱታ ምክንያት ማለት ነበር። አሁን ከአቤቱታ አልፎ ፊት እስከ መዟዟር ደርሷል።

▪️ «ራንግል»። መነታረክ። ከሰሜን ጀርመን አካባቢ ቋንቋዎች ጋር የሚዛመድ፣ «መጠምዘዝ» ከሚል ሐሳብ ጋር የተያያዘ ቃል ነው። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ግን በሒሳብ ከፍተኛውን ማዕረግ ያገኙትን ተማሪዎች «ራንግለር» ይላቸዋል። ድሮ ፈተናው በቃል ክርክር ስለነበር ነው። በ1890 ፊሊፓ ፎሴት የምትባል ተማሪ ከአንደኛው ራንግለር በላይ ውጤት አመጣች፤ ሴት በመሆኗ ግን ዲግሪውንም ማዕረጉንም አልሰጧትም።

ተመልከቱ እንግዲህ። «መደብደብ»፣ «መናጥ»፣ «ማማረር»፣ «መጠምዘዝ»። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ሥሩ «ማብራት፣ ግልጽ ማድረግ» የሆነው «አርጊው» ነው። እኛ ደግሞ የጠብ ቃል ያደረግነው እሱኑ!

ያለ ንዴት የሚሠራባቸው ቦታዎች

ፍርድ ቤት። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጠበቆች ዳኞች ፊት ቆመው የሚያቀርቡት «ኦራል አርጊውመንት» ይባላል። በተለምዶ ለእያንዳንዱ ወገን 30 ደቂቃ ይሰጣል። ዳኞቹ መሀል ላይ ያቋርጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ጠበቃው ይመልሳል። ማንም አይጮህም። «ጠበቃዋ ጥሩ አርጊው አደረገች» ማለት ማስረጃና ሕግ አጋጥማ አቀረበች ማለት ነው።

ፓርላማ። የእንግሊዝ የታችኛው ምክር ቤት ውስጥ መንግሥትና ተቃዋሚ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። በመካከላቸው ወለሉ ላይ ሁለት ቀይ መስመሮች አሉ፤ ተናጋሪው መስመሩን እንዲያልፍ አይፈቀድለትም። ርቀቱ ከሁለት ሰይፍ ርዝመት ትንሽ ይበልጣል ይባላል። እዚያ ሰዎች በምላስ ይዋጉ ዘንድ ሰይፍ የማይደርስበት ርቀት ተሰመረ የሚል አፈ ታሪክ አለ።

ኮዲንግ። ፕሮግራሚንግ እየተማራችሁ ያላችሁ «ፋንክሽኑ ሁለት አርጊውመንት ይቀበላል» የሚል አይታችሁ «ምን ያጨቃጭቀዋል?» ብላችሁ ይሆናል። እዚያ አርጊውመንት ማለት ለፋንክሽኑ እንዲሠራበት የምትሰጡት ዋጋ ነው። ቃሉ ከሒሳብ የመጣ ነው።

ቀልድ። በ1972 ሞንቲ ፓይተን የሚባለው የእንግሊዝ የኮሜዲ ቡድን አንድ ድራማ ሠራ። ሰውዬው ቢሮ ገብቶ ገንዘብ ከፍሎ «አርጊውመንት» ይገዛል። ሻጩ ደግሞ ሰውዬው የሚለውን ሁሉ «አይደለም» ብቻ እያለ ይመልሳል። ደንበኛው ይናደዳል፦ የከፈልኩት ለክርክር ነው እንጂ «አይደለም» ለመባል አይደለም፣ ክርክር ማለት እኮ ወደ አንድ መደምደሚያ የሚያደርሱ ተያያዥ ሐሳቦች ናቸው እያለ ያስረዳል። ይህን ቀልድ ካያችሁ በኋላ ብዙ የላይቭ ክርክሮች ለምን ባዶ እንደሚሆኑ ይገባችኋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ «አይደለም፣ ነው፣ አይደለም፣ ነው»።

የምንሳሳትባቸው ቦታዎች

ይህን ክፍል ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡት። የትኛው ትርጉም እንደሆነ የሚነግራችሁ ቃሉን ተከትሎ የሚመጣው ትንሽ ቃል ነው።

▪️ «አርጊው ዊዝ» + ሰው፦ ከእገሌ ጋር መጨቃጨቅ ነው። ሥራ ቦታ ለአለቃችሁ ከእርስዎ ጋር መወያየት እፈልጋለሁ ለማለት ይህንን አትጻፉ። «ልጣላዎት እፈልጋለሁ» ነው የሚመስለው። በዚህ ቦታ «ዲስከስ» ይሻላል።

▪️ «አርጊው አባውት» ወይም «ኦቨር» + ነገር፦ የጭቅጭቁ ምክንያት ነው። በገንዘብ፣ በመኪና ማቆሚያ።

▪️ «አርጊው ዛት» + ሙሉ ዐረፍተ ነገር፦ እዚህ ጠብ የለም። «ጸሐፊዋ እንዲህ ስትል ትሟገታለች» ወይም «ታስረዳለች» ነው። ዜና ስትተረጉሙ «ትጨቃጨቃለች» ካላችሁ ሰውየዋን አስቀየማችሁ፣ ዜናውንም አበላሻችሁ።

▪️ «አርጊው ፎር» እና «አርጊው አጌንስት»፦ ለአንድ ሐሳብ ደግፎ መሟገት፣ ወይም ተቃውሞ መሟገት።

▪️ «አርጊውመንቴቲቭ ኤሴይ»፦ ሃይስኩል ላይ የሚያሠሯችሁ ድርሰት። ንዴት የተሞላበት ድርሰት አይደለም። አቋም ትይዛላችሁ፣ ምክንያት ትደረድራላችሁ፣ የተቃራኒውን ሐሳብ ታነሳላችሁ፣ ትመልሱበታላችሁ። ግን ተጠንቀቁ፦ አንድን ሰው «አርጊውመንቴቲቭ» ካላችሁት «ነገረኛ» ማለታችሁ ነው።

▪️ «ዶንት አርጊው»፦ እናት ለልጇ ስትለው «መልስ አትስጠኝ» ነው።

▪️ «አርጊዋብሊ»፦ ይቺ ናት ብዙ ሰው የምታሳስተው። የስፖርት ርዕስ ላይ «ሜሲ አርጊዋብሊ የምንጊዜም ምርጥ ተጫዋች ነው» ሲል ስታዩ፣ «አከራካሪ ነው» ወይም «ያጠራጥራል» ማለቱ አይደለም። እንዲያውም ወደ መደገፉ ያደላል፦ «ምርጡ ነው ብንል ያስኬዳል፣ ምክንያት አለን» ነው። የአርጀንቲናው ሜሲ በአርጊዋብሊ ሲወደስ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ብዙዎቹ አጥኚዎች ልክ ከሆኑ የአገሩ ስምና ቃሉ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው።

ለምን ሁልጊዜ ጦርነት ይሆናል?

በ1980 ጆርጅ ላኮፍ እና ማርክ ጆንሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካዊ ምሁራን ስለ ዘይቤያዊ አነጋገር አንድ የታወቀ መጽሐፍ አሳተሙ። መጀመሪያ ላይ ያነሱት ምሳሌ ክርክር ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ስለ አርጊውመንት ሲያወሩ የጦርነት ቃላት እንደሚጠቀሙ አሳዩ፦ ሐሳብን ማጥቃት፣ አቋምን መከላከል፣ ማሸነፍ፣ መሸነፍ፣ ተኩሶ መጣል። ነጥባቸው ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም የሚል ነው። በጦርነት ቃል የሚያስብ ሰው በጦርነት ስሜት ይከራከራል። ከዚያ አንባቢውን ጠየቁት፦ ክርክርን እንደ ጭፈራ የሚያይ ሕዝብ ቢኖርስ? ሁለቱ ተከራካሪዎች እንደ ሁለት ተወዛዋዦች ተስማምተው አንድ ቆንጆ ነገር ለመሥራት ቢሞክሩስ?

ወደ አማርኛ ስንመጣ እኛም ከዚህ አናመልጥም። በፍርድ ቤት ያሸነፈ ሰው «ረታ» ይባላል፣ የተሸነፈው «ተረታ»። ኮመንት ላይ ደግሞ «ዘረረው»፣ «አፉን አስያዘው»፣ «መልስ አሳጣው» እንላለን። ቡጢና ትግል ነው።

ግን ሌላም ወግ ነበረን። በድሮው የአገራችን ችሎት «በላ ልበልሃ» የሚባል የሙግት ስልት ነበር። ተሟጋቾች ዳኛ ፊት ቆመው ምሳሌና ቅኔ ለበስ አነጋገር እየደረደሩ ተራ በተራ ይሟገታሉ። ነገር አዋቂ ተሟጋች ይከበር ነበር፤ ሕዝቡም ቆሞ ያዳምጣል። መርታት አለበት፣ እውነት ነው። ግን መርቻው መንገድ ነገር ማማር፣ ነገር ማስረዳት ነው። ያንን የሚያክል ወግ ያለው ሰው ዛሬ ኮመንት ላይ ስድብ ብቻ መጻፉ ያሳዝናል።

የተቃውሞ ሰባት ደረጃዎች

በ2008 ፖል ግራም የሚባል አሜሪካዊ የቴክኖሎጂ ሰው ኢንተርኔት ላይ ሰዎች እንዴት እንደሚቃወሙ አይቶ በሰባት ደረጃ ከፋፈለው። ደረጃዎቹ የሱ ናቸው፣ ምሳሌዎቹ የኔ። አንድ ሰው «ማታ ስልክ ላይ ማምሸት እንቅልፍ ያበላሻል» ብሎ ጻፈ እንበል። መልሶቹ ከታችኛው ወደ ላይኛው እንዲህ ይሆናሉ፦

1. ስድብ፦ «ደደብ!»

2. ሰውየውን ማጥቃት፦ «አንተ ሐኪም ነህ እንዴ?»

3. አነጋገሩን መተቸት፦ «ምን ዓይነት ንቀት ነው? እንደ አባት ትመክረናለህ?»

4. ባዶ ተቃውሞ፦ «አያበላሽም።» (የሞንቲ ፓይተኑ ሻጭ እዚህ ነው ያለው።)

5. ተቃራኒ ክርክር፦ «እኔ ማታ እያየሁ በደንብ እተኛለሁ፣ ስለዚህ ለሁሉም ሰው አይሠራም።» ምክንያት አለው፣ ግን የሰውየውን ነጥብ በቀጥታ ላይነካ ይችላል።

6. ማፍረስ፦ ሰውየው የጻፈውን መስመር ጠቅሶ የቱ ጋ እንደተሳሳተ በማስረጃ ማሳየት።

7. ዋናውን ነጥብ ማፍረስ፦ የጽሑፉን ማዕከላዊ ሐሳብ ለይቶ አውጥቶ እሱኑ በማስረጃ መመለስ።

ከ1 እስከ 3 ያሉት ስለ ሰውየው እንጂ ስለ እንቅልፍ ምንም አይነግሯችሁም። የላቲኑ «ግልጽ ማድረግ» በርግጥ የሚጀምረው 5 ላይ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ 7 ላይ መድረስ ልክ መሆን ማለት አይደለም። ዋናውን ነጥብ ይዛችሁም ልትሳሳቱ ትችላላችሁ። ቢያንስ ግን ስህተታችሁን ሰው ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ስድብን ግን ማንም አያርመውም።

አማርኛው የቱ ይሁን?

አሁን አሁን «አርጊው አናድርግ»፣ «ከሱ ጋር አርጊውመንት ውስጥ ገባሁ» ማለት ለምደናል። ችግር የለውም፣ ቋንቋ ይዋሳል። ግን የተዋስነው ግማሹን ነው፤ የጠቡን ጎን ብቻ። «አርጊው አናድርግ» ስንል «ዝም እንባባል» ማለታችን ነው። ምክንያት አምጣ የተባለ ሰው ራሱ «አርጊው አልፈልግም» ብሎ ይወጣል። ቃሉ ማምለጫ ሆነ።

ስትተረጉሙ እንዲህ ብትከፍሉት ይሻላል፦

▪️ በምክንያት ከሆነ፦ ተሟገተ፣ ተከራከረ፣ አስረዳ። ስሙ «መከራከሪያ ነጥብ» ወይም «ሙግት»።

▪️ በንዴት ከሆነ፦ ተጨቃጨቀ፣ ተነታረከ። ሲብስ አተካራ፣ ከዚያም ሲያልፍ አምባጓሮ።

▪️ ወዲህና ወዲያ የማያልቅ መመላለስ ከሆነ፦ እሰጥ አገባ።

▪️ ሁለት ወገን ሳይስማማ የቀረበት ጉዳይ ከሆነ፦ ውዝግብ።

አማርኛ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ የተሻለ መሣሪያ አለው። ጠቡንና ሙግቱን ለይቶ ይጠራል። ለይቶ የሚጠራ ደግሞ ለይቶ ማድረግም ይችላል።

ወደ ኢሜይሌ ልመለስና ላብቃ። ከመምህሩ ቤት ከወጣሁ በኋላ ለኤዲተሩ ይቅርታ ጻፍኩ። «ጥያቄህን በተሳሳተ መንገድ ተረድቼው ነበር። ጽሑፌ አርጊው የሚያደርገው እንዲህ ነው» ብዬ ዋና ነጥቤን በሁለት መስመር፣ ማስረጃዬን በሦስት አስቀመጥኩ። አጭር መልስ መጣ፦ ዘገባው ጊዜው አልፎበታል፣ ግን ሌላ ሐሳብ ካለህ ላክ። ልኬ ወጣልኝ። ከዚያ ወዲህ እሱ ዳር ላይ «አርጊው የምታደርገው ምንድን ነው?» ብሎ ሲጽፍልኝ አልናደድም። ብዙውን ጊዜ ጥያቄው ልክ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ምን ለማለት እንደፈለግሁ እኔም ገና አላወቅሁም ማለት ነው።

እናንተስ? በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ምክንያት ተጣልታችሁ ወይም ሥራ አምልጧችሁ ያውቃል? ኮመንት ላይ ጻፉልን። የማትስማሙበት ነጥብ ካለም ተከራከሩን፣ ከ5ኛው ደረጃ ጀምሮ ይሁን እንጂ። ለተርጓሚ ጓደኛችሁ፣ ለአይኢኤልቲኤስ እየተዘጋጀ ላለ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ሼር አድርጉት።